ለአየሩና ለአፈሩ የሚስማማ ቤት

በወድ ኤል ሒለውና በሰቲት ወንዝ ዙሪያ ስለሚሠሩ ቤቶች ለከተማ ሕዝብና ለአስተዳደር ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር

ለሰው ልጅ ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ግድግዳና ጣሪያ ያለው ሁሉ ቤት ሊባል አይገባውም። በቀን ከውጭው አየር ይልቅ የሚያቃጥል፥ በክረምት ግድግዳው የሚሰነጠቅ፥ ለማደስም ከሩቅ አገር ዕቃ ማስመጣትን የሚጠይቅ ቤት ባለቤቱን ያደኸየዋል እንጂ አያሳርፈውም። በአንጻሩ ከዚያው ከአገሩ አፈርና ሣር ተሠርቶ ፀሐይን የሚከለክል፥ ነፋስን የሚያስገባ፥ በተጎዳም ጊዜ ባለቤቱ በገዛ እጁ የሚያድሰው ቤት እውነተኛ ማረፊያ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ በነዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለውን ልዩነት ማስረዳት፥ ደግሞም ደኑን ሳያጠፉ፥ ገንዘብን ሳያባክኑ መልካም ቤት የሚሠራበትን መንገድ ማመልከት ነው።

ይህ ጉዳይ ለሰቲት አካባቢ ሕዝብ በተለይ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ከ1964 ወዲህ ብቻ በዚህ አገር እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቀድሞ ቤቱ ተነሥቶ በአዲስ ስፍራ ጎጆ መቀለስ ግድ ሆኖበታል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዱ በግድብ ምክንያት፥ ሌላው በጦርነት ምክንያት፥ ሌላውም በጎርፍ ምክንያት ተነሥቷል። በየጊዜውም የተሠሩት መንደሮች አብዛኛውን ጊዜ በችኰላ የተሠሩ ነበሩ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በችኰላ የተሠራ ቤት በችኰላ ይፈርሳል፤ የሚጎዳውም ፕላኑን የነደፈው ሰው ሳይሆን በውስጡ የሚያድረው ሰው ነው።

የአገሩ ጠባይ

ወድ ኤል ሒለው በምሥራቅ ሱዳን፥ በከሰላ ክፍለ ሀገር የምትገኝ ከተማ ናት። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ተከዜ በሁመራ በኩል ወደ ቆላው ሲገባ ሰቲት እየተባለ ይጠራል፤ ከዚያም ወደ ሱዳን ተሻግሮ ከላይኛው አትባራ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ የወድ ኤል ሒለው፥ የሐምዳዬት፥ የሁመራና የገዳሪፍ ሜዳ በመንግሥታት ወሰን ይለያይ እንጂ በአየሩና በአፈሩ አንድ አገር ነው ማለት ይቻላል። መተማና ጋላባትም ከዚህ አየር እጅግ የራቁ አይደሉም።

የዚህ አገር ጠባይ በአራት ነገሮች ይታወቃል። አንደኛው ሙቀቱ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ሁለተኛው ዝናቡ ነው፤ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት በኀይል ዘንቦ በቀሩት ወራት በአብዛኛው ይጠፋል። ክረምቱም ከመግባቱ በፊት አረቦች ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ይነሣል። ሦስተኛው አፈሩ ነው፤ በአማርኛ መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኮማተራል፥ እግር እስኪያስገባ ድረስም ይሰነጠቃል። አራተኛው የእንጨት እጥረት ነው፤ ይህም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበረታ የመጣ ችግር ነው።

እንግዲህ በዚህ አገር ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ለነዚህ ለአራቱ መልስ ማዘጋጀት ይገባዋል። ከአራቱ አንዱን የዘነጋ ቤት ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ዕድሜው አጭር፥ ኑሮውም መራራ ይሆናል።

የቀድሞ ሰዎች ጥበብ

እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1861 የክረምቱን ወራት ያሳለፈው በአትባራ ወንዝ ዳር፥ ሶፊ በምትባል መንደር ነበር። በዚያም ከአገሬው ሰዎች አንድ ክብ ጎጆ በ10 ፒያስተር ገዝቶ፥ ብዙ ሰዎች ጣሪያውን እንደ ባርኔጣ አንሥተው ግድግዳውንም ተሸክመው እርሱ ወደ ሰፈረበት ስፍራ እንዳደረሱለት በመጽሐፉ ጽፏል። ይህ ነገር ለአውሮፓዊው መንገደኛ የሚያስቅ መስሎ ታይቶት ይሆናል፤ ነገር ግን ለአስተዋለው ሰው በዚህ ውስጥ ትልቅ ጥበብ አለ።

ይኸውም እንዲህ ነው። ከባድ ግድግዳ በሚያብጥና በሚኮማተር አፈር ላይ ሲቆም ይሰነጠቃል፤ ከቀጭን እንጨትና ከማሽላ አገዳ የተሠራ ቀላል ጎጆ ግን ከአፈሩ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ስለሚል ጉዳት አያገኘውም። ጣሪያው ሾጣጣ ስለሆነ የክረምቱ ዶፍ ሳይቆም ይወርዳል። የሣሩ ክዳን በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ የፀሐዩን ትኩሳት ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ቤቱ ክብ መሆኑም ለአንድ ዓይነት ስፋት የሚያስፈልገውን ግድግዳ ያሳንሳል፥ የማዕበሉንም ጉልበት ያስታል።

ከጎጆው አጠገብ የሚሠራው ራኩባ ደግሞ ያለ ግድግዳ በአራት ቋሚዎች ላይ የተዘረጋ የሣር ወይም የአገዳ ዳስ ነው። ቀን ሰው በጥላው ይቀመጣል፥ ሌሊትም በነፋሻው ያድራል። በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ኡም ራኩባ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ዳስ ነው።

ሆኖም የቀድሞውን ሁሉ ያለ ምርመራ ማመስገን አይገባም። የሣር ቤት በእሳት በቀላሉ ይጠፋል፤ ምስጥ ቋሚዎቹን ይበላል፤ ክዳኑም በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ያስፈልገዋል። ሣሩና እንጨቱ በቅርብ በሚገኝበት ዘመን ይህ ቀላል ነበር፤ ዛሬ ግን ሣር ለማጨድና ቋሚ ለመቁረጥ ሩቅ መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚፈለገው የቀድሞውን ቤት እንዳለ መድገም ሳይሆን፥ የቀድሞ ሰዎች የተመለከቱትን ሕግ ጠብቆ በዛሬው ዕውቀት ማሻሻል ነው።

ከሌላ ስፍራ የመጣ ቤት

ከወድ ኤል ሒለው በታች፥ በዚያው በአትባራ ወንዝ መስመር፥ ለሁሉ ትምህርት የሚሆን አንድ ታላቅ ሥራ ይገኛል። ግብፅና ሱዳን በ1959 ስለ ዓባይ ውሃ ከተዋዋሉ በኋላ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሐይቅ የወዲ ሐልፋን አገር የሚያሰጥም ሆነ። ስለዚህ ከ1964 ጀምሮ 50,000 ያህል የሱዳን ኑባውያን ከአባይ ዳር ተነሥተው በኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ አጠገብ፥ ኒው ሐልፋ በተባለው ስፍራ ሰፈሩ። የመስኖ እርሻ፥ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ተዘጋጀላቸው፤ ይህ የሚመሰገን ነው።

ቤቶቹ ግን ሌላ ነገር ነበሩ። ኑባዊው በቀድሞው አገሩ የሚኖረው ግድግዳው ወፍራም፥ ግቢው ሰፊ፥ በሩ በሥዕል ያጌጠ በሆነ የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። በአዲሱ አገር የተሰጠው ቤት ግን በአንድ ፕላን በረድፍ የተሠራ፥ ክዳኑም የአስቤስቶስ ቆርቆሮ ነበር። ዝናብ ከማያውቀው አገር የመጣው ሕዝብ ክረምትና ማዕበል ወዳለበት አገር ገባ፤ ቤቱም የለመደውን ስፋትና ቅዝቃዜ አልሰጠውም። ብዙዎች ግቢያቸውን በገዛ እጃቸው እየለወጡና እየጨመሩ እንደ ልማዳቸው አደረጉት። ከዚያ በኋላም የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባን የሚጎዳ መሆኑ በሕክምና ስለ ተረጋገጠ ብዙ አገሮች ሥራውን በሕግ ከለከሉ።

ሁለተኛውን ትምህርት የሚሰጠው ግብፃዊው መሐንዲስ ሐሰን ፋትሒ ነው። ይህ ሰው በ1945 በሉክሶር አጠገብ አዲሲቱን ጉርና መሥራት ጀመረ። የጭቃ ጡብን ያለ እንጨት ቀስት አድርገው ጣሪያ የሚያበጁ ኑባውያን ግንበኞችን ከአስዋን አስመጥቶ ርካሽ፥ ቀዝቃዛና ያማሩ ቤቶችን አሠራ። ሥራው በዓለም ሁሉ የተደነቀ ሆነ። ነገር ግን እንዲገቡበት የታሰቡት ሰዎች አብዛኞቹ ከቀድሞው መንደራቸው መነሣት አልፈቀዱም፤ መንደሩም ሳይፈጸም ቀረ።

ከነዚህ ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በኒው ሐልፋ ቤቱ አየሩን አልጠየቀም፤ በጉርና ደግሞ አየሩ ቢጠየቅም የነዋሪው ፈቃድ አልተገኘም። መልካም ቤት ሁለቱንም የጠየቀ ቤት ነው።

ስለ ፀሐይና ስለ ነፋስ

የቤት ሥራ የሚጀምረው ድንጋይ በመጣል ሳይሆን አቅጣጫን በመምረጥ ነው፤ ይህም አንዲት ሳንቲም አያስከፍልም። ወድ ኤል ሒለው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ14 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ስፍራ የረፋዱና የአመሻሹ ፀሐይ ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ በምሥራቅና በምዕራብ ያለውን ግድግዳ ፊት ለፊት ይመታዋል፤ በክፈፍም ለመከላከል አይቻልም። የቀትሩ ፀሐይ ግን ከላይ ስለሚወርድ በሰሜንና በደቡብ ያለውን ግድግዳ በክፈፍ ለማጥላት ቀላል ነው።

ስለዚህ ቤቱ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲሆን፥ ረጅሞቹ ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንዲያዩ፥ በሮችና መስኮቶችም በነዚሁ በሁለቱ ፊቶች እንዲከፈቱ ያስፈልጋል። በምዕራብ በኩል መስኮት ባይኖር ይሻላል፤ ካለም ትንሽ ይሁን። ፀሐዩ እጅግ ወደ ደቡብ በሚያዘነብልበት በታኅሣሥ ወር እንኳ፥ በቀትር ጊዜ 90 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ክፈፍ 1 ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለውን የደቡብ መስኮት ያጠላዋል። ይኸው ክፈፍ በክረምት ግድግዳውን ከዝናብ ያድነዋል። በረንዳ ለመሥራት የሚችል ሰው ደግሞ ጥቅሙ በእጥፍ ይሆንለታል።

በደረቁ ወራት ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን፥ በክረምት ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። በሰሜንና በደቡብ ፊት ለፊት የተከፈቱ መስኮቶች ይህን ነፋስ በቤቱ ውስጥ ያሳልፉታል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከጣሪያው በታች ትንንሽ መተንፈሻ መተው ይገባል። ቀን ውጭው በሚግልበት ሰዓት የእንጨቱን መዝጊያ መዝጋት፥ ማታ አየሩ ሲበርድ መክፈት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ስለሚያደርገው ቤቱን ያግላል።

በምዕራብ በኩል ዛፍ መትከል መልካም ነው። ለዚህም በሱዳን ከተሞች የተለመደው ኒም ለጥላው የተመረጠ ነው። ነገር ግን ሥሩ ከጥቁሩ አፈር ውሃ እየሳበ መሠረቱን ስለሚያናጋ ከግድግዳው 8 ወይም 10 ሜትር ያህል መራቅ ይገባዋል። የአመሻሹ ፀሐይ ዝቅ ያለ ስለሆነ የራቀው ዛፍ ጥላም እስከ ግድግዳው ይደርሳል።

ስለ ጣሪያ

በዚህ አገር ከግድግዳው ይልቅ ፀሐይ የሚበረታው በጣሪያው ላይ ነው። ባዶ ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ከሥሩ የተቀመጠውም ሰው በምድጃ አጠገብ እንደ ተቀመጠ ይሆናል። ሆኖም ቆርቆሮ ከእሳትና ከዝናብ ስለሚያድን፥ ብዙ ዘመንም ስለሚቆይ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ስለዚህ ቆርቆሮን መንቀፍ ሳይሆን መግራት ያስፈልጋል።

መግሪያው ሦስት ነው። የመጀመሪያው ከቆርቆሮው በታች 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ትቶ ከሰሌን ወይም ከማሽላ አገዳ ኮርኒስ መሥራትና በቀጭን ጭቃ መለሰን ነው። ሁለተኛው በዚህ ክፍት ቦታ የታመቀው ትኩስ አየር እንዲወጣ በጣሪያው ጫፍና በክፈፉ ሥር መተንፈሻ መተው ነው። ሦስተኛው ቆርቆሮውን በነጭ ቀለም ወይም በኖራ መቀባት ነው፤ ንጹሕ ነጭ ቀለም ከፀሐዩ ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ሲሰድ፥ የዛገ ቆርቆሮ ግን አብዛኛውን ይውጠዋል። ኖራው በክረምት ስለሚታጠብ በየዓመቱ ማደስ ያሻል።

ስለ ግድግዳ

ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ትኩሳትን ፈጥኖ አያሳልፍም። 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ የቀትሩን ትኩሳት ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ቤቱ ቀን ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ትኩሳቱ ወደ ውስጥ የሚገባውም ሰው በግቢው ወይም በራኩባው ሥር በሚተኛበት ሌሊት ነው። በዚህ አገር የቀን ቤትና የሌሊት ማረፊያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ ግቢ የሌለው ጠባብ ቤት የሚሰጥ ፕላንም ለነዋሪው የሰጠው የቤቱን እኩሌታ ብቻ ነው።

ሱዳኖች ጃሉስ የሚሉት በየረድፉ እየተጣለ የሚደርቅ የጭቃ ግድግዳ ለዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጥቁሩ አፈር ብቻውን ለጡብ አይሆንም፤ ከግማሽ በላይ ሸክላነት ያለው ስለሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከወንዝ ዳር አሸዋና ጭድ ቀላቅሎ፥ ለጥቂት ቀናት አቡክቶ መጠቀም ይገባል። አፈሩን ለመመርመርም ቀላል ዘዴ አለ። በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አፈርና ውሃ አድርጎ መናጥና አንድ ቀን ማሳደር ነው፤ አሸዋው ከታች፥ ደቃቁ ሸክላ ከላይ ተለይቶ ይታያል። የሸክላው ድርሻ ከ15 እስከ 30 ከመቶ ከሆነ ለጡብ ይስማማል።

ከተራው ጭቃ ይልቅ የጠነከረ የሚፈልግ ሰው አፈሩን ከ5 እስከ 8 ከመቶ ከሚሆን ሲሚንቶ ጋር ቀላቅሎ በእጅ መጭመቂያ ማተም ይችላል፤ ሸክላነቱ ለበዛ አፈር ከሲሚንቶው ይልቅ ኖራ ይስማማል። ይህ ጡብ እሳት አያስፈልገውም። የእጅ መጭመቂያው በ1950ዎቹ ዓመታት በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ተሠርቶ ከዚያ ወደ ብዙ አገሮች ተዳርሷል። በካርቱም በኩል በኤል ሐጅ ዩሱፍ በዚሁ ዓይነት ጡብ የሙከራ ትምህርት ቤት ተሠርቷል። በአዲስ አበባም የሥነ ሕንፃው ኢንስቲትዩት ከስዊስ የዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር በ2010 ገደማ ከተጠቀጠቀ አፈር ፎቅ ያለው የሙከራ ቤት አሠርቷል። እንግዲህ አፈር የድሃ ዕቃ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ስለ መሠረትና ስለ ጎርፍ

በጥቁር አፈር ላይ የሚሠራ ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በመሠረቱ በኩል ነው። አፈሩ የሚያብጠው በውሃ ስለሆነ ዋናው መድኃኒት ውሃውን ከመሠረቱ ማራቅ ነው። ስለዚህ ቤቱ የሚቆምበትን ስፍራ በጠጠርና በማያብጥ አፈር ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ መደልደል፥ በግድግዳው ዙሪያም ወደ ውጭ ያዘነበለ፥ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መከለያ ማንጠፍ ይገባል። የግድግዳው ሥር ከድንጋይ ሲሠራ እርጥበትንም ምስጥንም ይከላከላል። ቋሚ እንጨት በአፈር ውስጥ ከሚቀበር ይልቅ በድንጋይ ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል።

ከዚህም ሌላ ስፍራውን መምረጥ ትልቅ ነገር ነው። በበጋ ደርቆ ሜዳ የሚመስለው ኾር በክረምት ወንዝ ይሆናል። በ2003 የጋሽ ወንዝ ሞልቶ ከሰላን ሲያጥለቀልቅ እጅግ ብዙ የጭቃ ቤቶች ፈርሰዋል። ለዚህ ጥፋት ጭቃው ብቻ ተጠያቂ አይደለም፤ በውሃው መንገድ ላይ ያለ ድንጋይ ሥር መሠራቱ ነው። የአስተዳደር ሠራተኛ ቦታ ከመምራቱ በፊት የአገሩን ሽማግሌዎች ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ መጠየቅ ይገባዋል፤ እነርሱ በካርታ ላይ የማይገኘውን ያውቃሉና።

ስለ እንጨት፥ ስለ ጡብና ስለ ሲሚንቶ

በገዳሪፍ በኩል የትራክተር እርሻ የተጀመረው በ1940ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በገደምበሊያ ነው። ከዚያ ወዲህ ማሽላና ሰሊጥ ለመዝራት ሰፊ ደን ተመነጠረ። ሙጫ የሚሰጠው ሐሻብ የተባለው ግራር ከስሎ የሚሸጥ፥ ለጡብ ማቃጠያም የሚማገድ ሆነ። ከዚህም የተነሣ ድሮ ከመንደሩ ዳር ይቆረጥ የነበረው እንጨት ዛሬ በመኪና ይጫናል።

የተቃጠለ ጡብ ጠንካራ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ምድጃው ብዙ እንጨት ይበላል፤ አፈሩም የሚቆፈረው አትክልት ከሚበቅልበት ከወንዙ ዳር መሬት ነው። ሲሚንቶም ቢሆን ያለ ዋጋ አይገኝም። በዓለም ላይ አየሩን ከሚያሞቀው የካርቦን ጢስ 7 ከመቶ ያህሉ ከሲሚንቶ ሥራ የሚወጣ ነው። ስለዚህ የተቃጠለ ጡብና ሲሚንቶ ፈጽሞ ይቅር ሳይሆን በሚያስፈልጉበት ስፍራ ብቻ ይሁኑ ማለት ይገባል። ለመሠረት፥ ለውሃ ጉድጓድ፥ ለመጸዳጃ ቤት ያስፈልጋሉ፤ ለአንድ ደርብ መኖሪያ ቤት ግድግዳ ግን አፈር ይበቃል።

ስለ ዝናብ ውሃ

በዚህ አገር በክረምት ውሃ ቤት ያፈርሳል፥ በበጋ ደግሞ ውሃ ታጥቶ ሴቶችና ልጆች ሲቀዱ ይውላሉ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ አንድ ሊትር ውሃ ይሰጣል። በዓመት 500 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚዘንብበት ስፍራ፥ 40 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ 20,000 ሊትር ያወርዳል ማለት ነው። ከዚህ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 16,000 ሊትር ይቀራል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል 80 ጊዜ ይሞላል። ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ጣሪያቸው ሰፊ ስለሆነ አሸንዳና የውሃ ማጠራቀሚያ በመሥራት ምሳሌ መሆን ይገባቸዋል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ማጠራቀሚያው መግባት የለበትም።

ስለ ተሰደዱት ሰዎች መጠለያ

የኤርትራ ስደተኞች ወደ ምሥራቅ ሱዳን መግባት የጀመሩት በ1967 ነው። በ1980ዎቹም በጦርነትና በረሀብ ምክንያት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ብዙ ሕዝብ ተሻግሮ በዚህ ሜዳ ሰፍሯል። በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲነሣ በሐምዳዬትና በሌሎችም መሻገሪያዎች የገቡት ሰዎች ብዛት ዓመቱ ሳያልቅ ከ50,000 በላይ ሆነ፤ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባም ተወሰዱ። በ2023 በሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣም ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች የሸሹ ሰዎች ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ መጥተው በየትምህርት ቤቱ አደሩ።

ስደተኛ በመጣ ጊዜ ድንኳን ማቅረብ ግድ ነው። ነገር ግን ድንኳን በቀን ይግላል፥ በማዕበልም ይቀደዳል፤ በ2021 የክረምቱ መግቢያ ማዕበል በቱናይድባና በኡም ራኩባ ብዙ ድንኳኖችን አፍርሷል። ከዚያ በኋላ ከአገሩ ዕቃ የተሠሩ ጎጆዎች በድንኳኑ ስፍራ መተካት ጀመሩ። የቆየው ጥበብ ተመልሶ ተፈለገ ማለት ነው። ሆኖም በሺህ ለሚቆጠር ጎጆ ቋሚና ሣር በአንድ ጊዜ ሲፈለግ የአካባቢው ደን ይመነጠራል፤ በእንግዳውና በአገሬውም መካከል ቅሬታ ይፈጠራል። ስለዚህ ቋሚው ከሩቅ በሥርዓት ቢመጣ፥ ግድግዳው በጭቃ ጡብ ቢሆን፥ ነዋሪውም በሥራው ቢገባበትና ደመወዝ ቢያገኝበት ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ችኰላው ግድ በሆነ ጊዜም ቅደም ተከተሉን ማወቅ ያስፈልጋል። አስቀድሞ ከፍ ያለ መደብና ጠንካራ ጣሪያ ይሰጥ፤ ግድግዳውን ነዋሪው ቀስ በቀስ ይሙላው። ለአንድ ሰው የሚሰጠው የቤት ውስጥ ስፋት ከ3.5 ካሬ ሜትር እንዳያንስ በዓለም የእርዳታ ሥራ መመሪያ ተወስኗል። በሣር ቤቶች መካከልም እሳት እንዳይሻገር የቤቱን ቁመት እጥፍ የሚያህል ርቀት መተው ይገባል፤ ማድ ቤቱም ለብቻው ይሁን።

ለአስተዳደር ሠራተኞች የሚገባ ጥንቃቄ

በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ የተሠራው መንታ ግድብ በ2017 ተመርቋል፤ 320 ሜጋዋት የኤሌክትሪክ ኀይል እንዲሰጥም የታቀደ ነው። ሐይቁ መንደርና የወንዝ ዳር እርሻ ስለ ሸፈነ ነዋሪዎቹ ወደ አዲስ መንደሮች ተዛውረዋል። ከኒው ሐልፋ 50 ዓመት በኋላ በዚያው ወንዝ ላይ ያው ጥያቄ ተመልሶ ቀርቧል። ወደፊትም ይቀርባል።

ስለዚህ ማንኛውም የመንደር ፕላን ከመጽደቁ በፊት አምስት ጥያቄዎች ሊጠየቁ ይገባል። አንደኛ፥ ቤቱ ፊቱን ወደ የት አድርጓል፤ ወይስ ለመንገዱ ረድፍ ማማር ብቻ ወደ ምዕራብ ዞሯል? ሁለተኛ፥ ጣሪያው ምን ይከላከላል፤ ከሥሩስ ምን አለው? ሦስተኛ፥ መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አውቆታል? ውሃውስ በየት ይወርዳል? አራተኛ፥ ይህ ሥራ ስንት ዛፍ ያስቆርጣል? አምስተኛ፥ ቤቱ ከ5 ዓመት በኋላ ሲጎዳ ነዋሪው በምን ዕቃና በማን እጅ ያድሰዋል?

ከሁሉም በላይ፥ ጊዜ በሚገኝበት ሁሉ አንድ ቤት አስቀድሞ ይሠራ። አንድ ቤተ ሰብ በፈቃዱ የግንቦትን ሙቀትና የነሐሴን ዝናብ በውስጡ ያሳልፍ። ከዚያም ባልና ሚስቱ ለየብቻ ይጠየቁ፤ በቤት ውስጥ ብዙውን ሰዓት የምትውለው ሴት ከመሐንዲሱ ይልቅ የቤቱን ጉድለት ታውቀዋለችና። ቤተ ሰቡ የነቀፈው ሳይታረም ሁለተኛው ቤት አይጀመር። የአንድ ዓመት መታገሥ ሺህ ቤተ ሰብን ከሃምሳ ዓመት ጸጸት ያድናል።

ክቡራን አድማጮች፤ ለአየሩና ለአፈሩ የሚስማማ ቤት መሥራት አዲስ ፈሊጥ አይደለም፤ ሰው በኖረበት ምድር ላይ ሊያደርገው የሚገባ ጥንቃቄ ነው። ፀሐዩ፥ ዝናቡና አፈሩ የማንንም ትእዛዝ አይሰሙም፤ ሰው ግን የእነርሱን ጠባይ ማወቅ ይችላል። የከተማው ሰው ቤቱን ሲሠራ፥ ሹሙም ፕላኑን ሲፈርምበት ይህን ቢያስቡ፥ የሰቲት አካባቢ ልጆች በቀን የሚያጠኑበት ጥላ፥ በክረምት የማይፈርስ ግድግዳ፥ ለነገም የሚተርፍ ደን ያገኛሉ።